ጥናቱ ያላለቀው ምድጃ

ዳባት መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ መቀመጥ ለሌላው ተሳፋሪ መከራ ነው፤ ለካሳነሽ ግን ዕረፍት ነበር። መኪናው እስኪሞላ ድረስ ማንም ምንም ነገር ወስኚ አይላትም። የዚያን ማክሰኞ ጧት ለሥልጠና ሄዳ አድራ ስትመለስ፣ ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖት፣ ረዳቱ «ደባርቅ! ደባርቅ!» እያለ ሲጮህ፣ እሷ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ ትጽፍ ነበር።

ካሳነሽ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ደባርቅ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ፣ ሥራ ፈጥረው መኖር ለሚሹ ወጣቶች ስለ ሥራ አጀማመር ታሠለጥናለች። «ነገ የሚባል የሥራ ቀን የለም!» ብላ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ እጇ አይንቀጠቀጥም። ለራሷ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ማገዶ የሚቆጥብ የሸክላ ምድጃ ሠርቼ እሸጣለሁ ብላ ካሰበች ሦስት ዓመት አልፏል። በሦስቱ ዓመት አራት ደብተር ሞልታለች፤ ከአሥራ አንድ ቦታ አፈር ቆፍራ በፌስታል ቋጥራ ቁጥር ሰጥታለች፤ አንድም ምድጃ ግን አልሠራችም። ሊማሊሞ አፋፍ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ያለው ገዱ የሚባል ነጋዴ ሃያ ምድጃ እንደሚፈልግ ሦስት ጊዜ ነግሯታል፤ ሦስት ጊዜም «ጥናቱ ሊያልቅ ነው» ብላዋለች። በመጨረሻ ገዱ ትዕግሥቱ አለቀና «እስከሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ድረስ አንዲት ምድጃ አሳዪኝ፤ አለዚያ ከጎንደር የብረቱን አስመጣለሁ» አላት። ይህን ካላት ወዲህ እንቅልፍ የላትም።

ሚኒባሱ ውስጥ አንዲት አሮጊት እርጥብ አፈር የያዘ ማዳበሪያ ታቅፈው ገቡ።

«እማማ፣ ጭቃው ጣራ ላይ ይውጣ!» አለ ረዳቱ።

«ጣራ ላይ እኔ ልውጣ፤ እሱ እዚህ ይቀመጥ» አሉና ከካሳነሽ ጎን ተቀመጡ። ተሳፋሪው ሳቀ። ካሳነሽ ግን ዓይኗ ከአፈሩ ላይ ቀረ።

«ይቅርታ እማማ፣ ይህ ከወንዙ ማዶ ካለው ጉድጓድ አይደለም? እኔ ጋ ቁጥር ሰባት ነው።»

«ቁጥር ሰባት?» አሮጊቷ ዞር ብለው አዩዋት። «እናቴ በዚህ አፈር እየሠራች አሳድጋኛለች፤ ቁጥር እንዳለው ግን ዛሬ ገና ሰማሁ። ለምን ቆፈርሽው?»

«ምድጃ ልሠራበት። ማለቴ፣ ለማጥናት ነው።»

«ስንት ሠራሽ?»

«ገና አልጀመርኩም። የአፈሩ ጥራት አለ፣ የመተኮሻው ዓይነት አለ፣ የገበያው ሁኔታ አለ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለም?»

«ይባላል። አንቺ ግን ስትማሪም ስትጠመጥሚም አላየሁ፤ መጠምጠሚያውን ስታጥፊ ነው ያየሁሽ» አሉ አሮጊቷ። «ገል ፈጭተሽ ካልቀላቀልሽበት ይህ አፈር እሳት ሲነካው እንደሚፈነዳ ደብተርሽ ውስጥ አለ?»

አልነበረም። ካሳነሽ ፈጥና ጻፈችው። አሮጊቷም መጻፏን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። መኪናው ተንቀሳቀሰ፤ መንገዱም ወጉን አመጣው። አሮጊቷ ከቤተ እስራኤል ወገን ናቸው። ዘመድ አዝማዱ ከሄደ ቆይቷል፤ እሳቸው ጎንደር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ተራ ሲጠብቁ ኖረው ዘንድሮ ስማቸው ወጣ። እስራኤል ያሉት ልጆቻቸው ይጠብቋቸዋል። ደባርቅ የሚሄዱት የእኅታቸው ልጅ ያየህ ቤት ሰንብተው፣ በዚህ አፈር ለመጨረሻ ጊዜ ሠርተው፣ የእናታቸውን መቃብር ተሰናብተው ሊመለሱ ነው። ለመሄድ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቷቸዋል።

«እናቴ ያስተማረችኝን እጅ ይዤ መሄዴ ነው» አሉ። «እዚህ አገር የሚያውቀው ሌላ ሰው አላገኘሁም።»

«ስምዎት ማን ይባላል፣ እማማ?»

«ባንቻየሁ።»

ካሳነሽ ስሙን ታውቀዋለች። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች በትኩሳት ተይዛ ስትቃዥ፣ አባቷ መሪጌታ ሃብተ ጊዮርጊስ «ልጄን ሰው በልቷታል» ብለው ሥር የሚያጨስ ሰው አስጠሩ። በጋቢ ሸፍነው በጢስ አፈኗት። «ማን ነው የበላሽ? ሸክላ ሠሪዋ ናት? ባንቻየሁ ናት? ተናገሪ!» አሏት። መተንፈስ ሲያቅታት «አዎ፣ ባንቻየሁ!» ብላ ጮኸች፤ ወዲያው ጋቢው ተነሣላት። በማግሥቱ ባንቻየሁ ገበያ ላይ የዘረጉት ሸክላ አንድ ሳይቀር ተሰባበረ። ከዚያ ወዲህ ደባርቅ ላይ ያያቸው የለም። የልጅቷ ትኩሳት አዲ አርቃይ አክስቷ ዘንድ ከርማ ያመጣችው ወባ ነበር፤ የዳነችውም ከጤና ጣቢያ በመጣ ኪኒን ነው። ይህን ያወቀችው ግን ካደገች በኋላ ነው።

«የማን ልጅ ነሽ?» ብለው ጠየቁ ባንቻየሁ።

«የ... የዳባት ሰው ነኝ፤ አያውቋቸውም» አለች።

ባንቻየሁ ፊቷን ትክ ብለው አዩና ወደ መንገዱ ዞሩ። ደባርቅ ደርሰው ሲወርዱ፣ «ያየህ ቤት ገበያው ዳር ነው። ሥራውን ማየት ከፈለግሽ ነይ፤ ካልፈለግሽም ጥናትሽን ቀጥይ» ብለዋት ማዳበሪያቸውን ተሸክመው ሄዱ።

እንግዲህ የአራቱ ደብተር ምሥጢር ይኸው ነው። ካሳነሽ የምትፈራው ኪሳራ እንደሆነ ለራሷም ለጓደኞቿም ስታወራ ኖራለች። ኪሳራማ ተሰልቶ ያልቃል። እሷ የምትፈራው አንድ ቃል ነበር፤ በእኛ አገር ጭቃ የሚያቦካ እጅ ላይ የሚለጠፈውን ያን «ቡዳ» የሚሉትን ቃል። እንዴት በቀላሉ ከአፍ እንደሚወጣና አንዴ ከወጣ ምን እንደሚያደርግ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ራሷ ተናግራዋለችና። ደብተር መጻፍ ጀመርኩ ለማለትም አልጀመርኩም ለማለትም ይመቻል፤ ፈሪ የሆነ ሰው ከዚህ የተሻለ መደበቂያ አያገኝም።

ረቡዕን ሙሉ «አልሄድም» ስትል ዋለች። ሐሙስ ዕለት ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠይቃ ወደ ያየህ ቤት ሄደች። ባንቻየሁ ግቢው ውስጥ ቁጭ ብለው ገል ይወቅጡ ነበር።

«እማማ፣ ዋሽቼዎታለሁ» አለች ቆማ። «የዳባት ሰው አይደለሁም። የመሪጌታ ሃብተ ጊዮርጊስ ልጅ ነኝ።»

ባንቻየሁ መውቀጣቸውን አላቆሙም። «አውቃለሁ። እግዜር ይህን አፍንጫ ለሁለት ቤት አልሰጠውም። ሚኒባስ ውስጥ ነው ያወቅሁሽ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«አንቺስ ለምን ዝም አልሽኝ?»

ካሳነሽ እንባ ቀደማት። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ...»

«ቆይ፤ አትቸኩዪ። ይቅርታሽን ተቀብለሽ ቅልል ብሎሽ ወደ ደብተርሽ ልትመለሺ ነው» አሉ ባንቻየሁ፤ አሁን መውቀጣቸውን አቆሙ። «ተናድጃለሁ ልጄ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተናድጃለሁ። የእናቴን መቃብር አረም የዋጠው ባንዲት ትንሽ ልጅ አፍ ነው። ነገር ግን ንዴቴ ባንቺ አይደለም፤ ልጅ ጢስ ውስጥ ከትቶ ስም በሚለምን ሰው ነው። ለመሆኑ ለምን ጠራሽኝ?»

«እንዲያወጡኝ።»

«አሁን ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ሃያ ዘጠኝ።»

«ታዲያ አሁን ጋቢውን የያዘብሽ ማን ነው?»

ካሳነሽ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና እንደገና ጀመረች። «እንዳሉት ቀላል አይደለም እማማ። ጭቃ ብነካ ያንኑ ቃል እኔንም ይሉኛል። እኅቴ ጽጌሬዳ ጥር ላይ ልትዳር ነው፤ የሙሽራው ወገን 'የሸክላ ሠሪ እኅት አናገባም' ቢሉስ? አባዬ በደብሩ አንገታቸውን ቢደፉስ? ባልደረቦቼ ከአንድ መሶብ አንበላም ቢሉኝስ? ምድጃው ቢሰነጠቅስ? ብጀምረውና ቢያቅተኝስ?»

«አንዱን ልመልስልሽ። ምድጃው ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ሁልጊዜ ይሰነጠቃል። አሁን ቀለለሽ?»

«አልቀለለኝም።»

«በሱ ፈንታ ሌላ ጥያቄ መጣ?»

«መጣ፤ ሁለት።»

«እንግዲያው የያዘሽ ሐሳብ አይደለም። ሐሳብ መልሱን ሲያገኝ ያርፋል። ፍርሃት ግን መልስ በሰጠሽው ቁጥር ሌላ ጥያቄ ይወልዳል፤ አንቺም ለልጆቹ ሁሉ ደብተር ስትገዢ ትኖሪያለሽ። እስቲ ንገሪኝ፣ ቢመለስልኝ ነገ እጀምራለሁ የምትዪው አንድ ጥያቄ አለሽ?»

ካሳነሽ አሰበች፤ ለረጅም ጊዜ አሰበች። አልነበራትም። የዚያን ጊዜ ከማንኛውም ጊዜ ይልቅ ደነገጠች፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የለፋችበት ነገር በሩን ለመክፈት ሳይሆን ለመቆለፍ እንደነበር ገባት።

«ታዲያ ምን ላድርግ? ፍርሃቱ እስኪለቀኝ ልጠብቅ?»

«መጠበቅን ለእኔ ተዪው» አሉ ባንቻየሁ፤ ሳቃቸው መራራ ነበር። «ስለ መጠበቅ የማላውቀው የለም። ጎንደር አብረውኝ ተራ የያዙ ሰዎች ነበሩ፤ 'ዘንድሮ እንሄዳለን' እያሉ ቤታቸውን ሳይለስኑ፣ ልጅ ሳያስተምሩ፣ እንዲያው በር በሩን ሲያዩ ሸመገሉ። እኔ ግን ሻንጣዬን ጥግ አስቀምጬ ሸክላዬን ሠራሁ። ሁለት ልጆች አስተማርኩበት። መሄዱም ሲመጣ መጣ። አልፈራሁም ነበር? አሁንም እፈራለሁ፤ በማላውቀው አገር፣ በማላውቀው ቋንቋ፣ በዚህ ዕድሜዬ! ግን እጅ ሥራ ሲይዝ ልብም ትንሽ ይሰክናል።»

«ሰው 'የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች' ይለኛል። ደመወዝ አለኝ።»

«ደመወዝሽን ማን ጣዪ አለሽ? ዕረፍት ቀን የለሽም? አምስት ምድጃ ሥሪ። ቢጠፋ የሚጠፋው አንድ ማዳበሪያ ጭቃ ነው፤ እሱንም እኔ ተሸክሜ ያመጣሁት ነው።»

«ቃሉስ? ቡዳ ቢሉኝስ?»

«ይሉሻል። አይሉሽም ብዬ አልዋሽሽም። ምድጃችንን ይገዛሉ፣ እጃችንን ይፈራሉ፤ ድሮም እንዲህ ነው። ግን አባትሽን ጠይቂያቸው፤ አዳም ከምን ተሠራ? ከጭቃ ከተሠራ፣ ጭቃ ያቦካው የመጀመሪያው እጅ የማን ነበር? ይህን የሚያውቅ ሊቅ እጄን ሲጸየፍ እኔ ምን ልበለው?» ባንቻየሁ የጭቃውን ሳፋ ወደ እሷ ገፉት። «ሰውን ዝም ልታሰኚ አትችዪም። አንቺ ግን እየፈራሽም ቢሆን እጅሽን እዚህ ውስጥ መክተት ትችያለሽ። በይ።»

ካሳነሽ ሰዓቷን ፈታች። ግራና ቀኝ ተመለከተች፤ በአጥር በኩል የሚያይ ሰው ይኖር እንደሆነ አጣራች። ከዚያ እጇን ከተተች። ጭቃው ቀዝቃዛ ነበር፤ መሬትም አልተከፈተችም።

የዚያን ዕለትና በማግሥቱ አምስት ምድጃ ሠሩ። ሳምንት ያህል ጥላ ውስጥ ከረመ። በሁለተኛው ሐሙስ በኩበት ተኮሱት፤ አመዱ ሲገለጥ ሦስቱ ተሰንጥቀው ወጡ። ካሳነሽ እንደ ልጅ አለቀሰች። ባንቻየሁ ግን ስንጥቁን በጣታቸው እየተከተሉ «ይህን ቶሎ ይድረቅ ብለሽ ፀሐይ አሳየሽው። ይኸኛው ገል አንሶታል። ይህን ደግሞ ግድግዳውን አሳሳሽው» አሏት። በአራት ደብተር ያላገኘችውን ትምህርት በሦስት ስንጥቅ አገኘችው። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ስሕተት ከሩቅ ሲታይ ጅብ ያክላል፤ ቀርበው ሲያዩት ግን ስም አለው፣ መድኃኒትም አለው።

«ሁለቱን ነገ በሥውር ለገዱ አደርስለታለሁ» አለች ካሳነሽ እንባዋን ጠርጋ።

«አይሆንም። ገበያ መጥቶ ይየው።»

«ገበያ? ሰው ሁሉ እያየኝ?»

«ከዚያ ገበያ አባረውኛል» አሉ ባንቻየሁ። «ቅዳሜ ድሮ እቀመጥበት ከነበረው ቦታ እቀመጣለሁ፤ እሑድ እሄዳለሁ። ከጎኔ መቀመጥ ካልፈለግሽ አልቀየምሽም። ግን ዛሬ ደብቀሽ የሸጥሽውን ነገር ነገም ተነገ ወዲያም ደብቀሽ ልትሸጪ ነው። ሥራ ተደብቆ አያድግም።»

ቅዳሜ ጧት ካሳነሽ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ገበያው ጥግ ደረሰች። ሦስት ጊዜ ተመለሰች፤ አንዴም እስከ ቤቷ በር ድረስ ሄዳ ነበር። በአራተኛው ግን ባንቻየሁ ብቻቸውን ጆንያ አንጥፈው ሁለቱን ምድጃ ከፊታቸው አስቀምጠው አየቻቸው፤ ሰው ዙሪያቸውን እየሸሸ ያልፋል፤ ያቺ ትንሽ ጆንያ ገበያው መካከል ባዶ ሜዳ ሠርታለች። ካሳነሽ ምን እንደገፋት አታውቅም። ሄዳ ጎናቸው ቁጭ አለች፤ ነጠላዋንም ከፊቷ ገለጠች።

«ውይ ካሳነሽ! የመሪጌታ ልጅ! ምን ነካሽ?» አለች ጎረቤታቸው አመተ ማርያም። ቀጥላ ባንቻየሁን አየችና የታቀፈችውን ሕፃን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች። «አንቺ! ያቺ ቡዳ ተመልሳ መጣች? ልጆቻችሁን ሰብስቡ! ይህችንም ልጅ ይኸው እንደገና በላቻት!»

ቃሉ ተባለ። ካሳነሽ ሦስት ዓመት ሙሉ የሸሸችው ቃል በጠራራ ፀሐይ፣ በሞላ ገበያ ተባለ። ልትሸሽ ተነሣች። ግን ባንቻየሁ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው፣ ሸክላቸውን ለመሰበር አዘጋጅተው ሲጠብቁ አየች። እግሯ ቀረ።

«እትዬ አመተ ማርያም» አለች። «የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት የእኝህን እናት ስም የጠራሁት እኔ ነኝ። እርስዎም ነበሩ፤ ያስታውሳሉ። የጠራሁት ስለበሉኝ አይደለም። ጢሱ አፍኖኝ፣ እንዲያወጡኝ ብዬ ነው። ወባ ነበር የያዘኝ። እሳቸው አልበሉኝም፤ የሰው እንጀራ የበላሁት እኔ ነኝ። ይህን ምድጃ በእጄ ሠርቼዋለሁ። የሚገዛ ይግዛ፣ የሚሸሽ ይሽሽ።»

ከሰዉ መካከል ነጭ የለበሱ ሽማግሌ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወጡ፤ መሪጌታ ሃብተ ጊዮርጊስ ነበሩ። ካሳነሽ አባቷን ስታይ ቁጭ አለች። መሪጌታ ልጃቸውን አላዩም። ባንቻየሁ ፊት ቆሙ።

«ይህን ምድጃ ስንት ይሉታል?» አሉ።

«ለእርስዎ ውድ ነው፣ መሪጌታ» አሉ ባንቻየሁ።

«አውቃለሁ» አሉ መሪጌታ። «አውቃለሁ እኅቴ። ጥያቄውን ያስጠየቅሁት እኔ ነበርኩ።»

ኪሳቸው ውስጥ የነበረውን ሁሉ አውጥተው ጆንያው ላይ አኖሩ፤ ባንቻየሁም እንዳለ ተቀበሏቸው። ሰውየው ጎንበስ ብለው ምድጃውን አነሡት፤ ጥቀርሻው ነጭ ልብሳቸውን እያጠቆረው፣ ገበያውን መሐል ለመሐል ሰንጥቀው ወደ ቤታቸው ተሸክመውት ሄዱ። ማንም አላገዛቸውም፤ እሳቸውም አግዙኝ አላሉም።

ሁለተኛውን ገዱ ረፋዱ ላይ መጥቶ በጣቱ እየመታ አዳመጠውና ሃያውን አዘዘ። ባንቻየሁ እሑድ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ልጆቻቸው ሄዱ። ካሳነሽ አሁን በዕረፍት ቀኗ ከሦስት ሴቶች ጋር ትሠራለች፤ ግቢያቸው አጥር የለውም። በገዱ ማረፊያ ለሦስት ቀን ይበቃ የነበረው እንጨት ስድስት ቀን ይበቃል፤ ወጥ ቤት የሚሠሩት ሴቶችም ዓይናቸው ከጢስ አረፈ። የፈራችው ሁሉ አልቀረም፤ ሁለት ባልደረቦቿ ዛሬም አብረዋት አይበሉም፤ በጽጌሬዳ ሠርግ ከሙሽራው አክስቶች አንዷ ቀርታለች። የቀሩት ግን መጥተው በልተዋል፤ ከእነሱም ሁለቱ ምድጃ አዝዘው ሄደዋል። ስለዚህ አስቦ መነሣት ደግ ነገር ነው፤ ሐሳቡ ዓመት እየቆጠረ እጅ ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ግን ሰው ራሱን ይመርምር፤ ምናልባት የሚጠብቀው መልስ ሳይሆን የሚሸሸው ቃል ይኖር ይሆናል። ትንሽ አድርጎ፣ ቢጠፋ በማይጎዳ ነገር፣ በግልጽ ይጀምር። የቀረውን ሥራው ራሱ ያስተምረዋል።

ፍርሃቱ ለቋት እንደሆነ ካሳነሽን ብትጠይቋት ትስቃለች። ቅዳሜ ጧት ምድጃዎቿን በአህያ ጭና ገበያው ጥግ ስትደርስ ጉልበቷ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ትንሽ ቆማ ትተነፍሳለች። ከዚያ አህያዋን መታ አድርጋ፣ እየፈራች ትገባለች።